«ያ» ብዬ የገባሁበት ሐይቅ

ልጅ እያለሁ ጋሽ ታፈሰን እጠላው ነበር። ሌሎቹም ልጆች ብዙ አይወዱትም፤ የእኔ ግን ይብስ ነበር። እሱ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ፣ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ኦስሎ ከገባሁ ገና ስምንት ወር የሆነኝ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሮመን የሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር እንኖር ነበር፤ እናቴ ማዮርስቱን በሚባል ሌላ ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። ጋሽ ታፈሰ ስሜ ሜሮን መሆኑን እያወቀ «አንቺ አዲሷ» ነበር የሚለኝ። መዝሙር ላይ አንድ ሰው ከሳተ ደግሞ ማን እንደሳተ ሳያጣራ እኔ ላይ ያፈጣል።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጋሽ ታፈሰ ወጣቶቹን ይዞ ወደ ስዊድን ይሻገራል። ሦስት ቀን ሙሉ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በታንኳ መቅዘፍ፣ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ በትንኝ መበላት ነው ጉዞው። እናቴ ጓደኛ ታፈራለች ብላ አስመዘገበችኝ። አልሄድም ብዬ አልቅሼ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ የነበረው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የጥድ ሙጫ፣ እርጥብ መሬት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንገቴ ላይ ያጠለቁልኝ የመንሳፈፊያ ጃኬት የሻጋታ ሽታ። ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ የወጣቶች ክለብ አብራን የመጣች ሲሪ የምትባል ኖርዌያዊት ሴት ወረቀት ይዛ በየተራ ትጠይቀናለች። ዋና የማይችል ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ነው የሚቀመጠው። እኔ ጋ ስትደርስ በኖርሽክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ «ዋና አትችይም?» አለችኝ።

«ያ» አልኳት።

አዎ፣ አልችልም ማለቴ ነበር። በእኛ አነጋገር ሌላ ምን ይባላል? በኖርሽክ ግን አልችልም የሚል ሰው «ናይ» ነው የሚለው። «አትችይም?» ሲሏቸው እችላለሁ፣ «አልሄደም?» ሲሏቸው ሄዷል ለማለት ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተቀመጠች «ዩ» የምትባል ቃል አለቻቸው። ሲሪ ቋንቋው እንዳልጠራልኝ አይታ «ዩ» ማለት ፈልጋ ነው ብላ በደግነቷ አረመችልኝና ከዋናተኞቹ ጋር ጻፈችኝ።

ታንኳ ላይ ያጣመሩኝ ከህሊና ጋር ነበር። ህሊና እዚያው ኦስሎ፣ ፕሪንስዳል ተወልዳ ያደገች እኩያዬ ናት፤ አማርኛዬንም ኖርሽኬንም እኩል ትስቅባቸዋለች። ከኋላ ሆና ታዘኛለች፤ እኔ ደግሞ ሆነ ብዬ የነገረችኝን ተቃራኒ አደርጋለሁ። «ቬንስትረ አልኩሽ እኮ። ግራሽንም አታውቂም?» ስትለኝ ደሜ ፈላና ልመልስላት ብድግ አልኩ። ታንኳ ላይ ብድግ አይባልም።

ውሃው በረዶ ነበር። ጃኬቱ ወደ ላይ ይገፋኛል፣ እኔ ግን የምሞት ያህል እየጮህኩ የህሊናን ፀጉር ጨምድጄ ወደ ታች እጎትታታለሁ። ጋሽ ታፈሰ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገብቶ ሁለታችንንም እየጎተተ ዳር አወጣን። ይህን አልክደውም፤ አውጥቶናል። መሬት እንደረገጥኩ ግን በጥፊ አጮለኝ።

«ውሸታም» አለኝ። «ዋና እችላለሁ ብለሽ የሰው ልጅ ልትገድይ ነበር።»

አልዋሸሁም፣ አልችልም ነው ያልኩት ብዬ ማልኩ። ህሊና ውሃ እየተፋች ሲሪ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ፣ እኔም ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝና፣ ጠላቴ ብትሆንም የ«ያ»ን፣ የ«ናይ»ን እና የ«ዩ»ን ልዩነት እዚያው አስረዳችኝ። ለእሱም ነገረችው። ሊሰማ አልፈለገም። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። የእኔን ስህተት ከማንም በላይ ሊረዳ የሚገባው እሱ ነበር። ኦስሎ አስራ አምስት ዓመት ኖሮ፣ «መኪና አልያዝክም?» ሲሉት «ያ» ብሎ፣ ሰዎቹም መኪና አለው ብለው ትተውት ሲሄዱ በእግሩ የሚገባ ሰው ነው። ገብቶታል። ግን በልጆቹ ፊት ተሳስቻለሁ ከማለት እኔ ውሸታም ሆኜ እንድቀር መረጠ።

ሲሪ የተገለበጠውን ታንኳ እየጎተተች ስትመለስ ጉንጬን አየችና ለብቻዬ ወደ ዛፎቹ ወሰደችኝ።

«ታፈሰ አልመታሽም?» አለችኝ ዝግ ብላ።

በትከሻዋ በኩል ጋሽ ታፈሰ ይታየኛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይጨምቃል። እኔን እያየ ራሱን ትንሽ ነቀነቀ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ኖርዌይ ልጅ የመታ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ክፍላችን ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነገሩን።

«ዩ» አልኳት።

በነጋታው ወደ ኦስሎ ተመለስን። ክለቡ ለቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ታፈሰ ከወጣቶች መሪነት ወረደ። ከዚያ በኋላ የእናቴ ጓደኞች ሰላምታቸውን በሩቁ አደረጉት። እናቴም መመታትሽ እውነት ነው፣ ግን ሰው አይዋረድም ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ማንም ሰው ውሸታም ስለመባሌ አንድ ቃል አላነሳም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከመሪው ወንበር ተነስቶ ኋላ ሲቀመጥ እያየሁ መዝሙሩን ጮክ ብዬ እዘምር ነበር።

አሁን የወጣቶቹ መሪ እኔ ነኝ። የዛሬ ልጆች እንደኛ አይደሉም፤ ገና ሳልቆጣቸው ህጉን ይጠቅሱልኛል፣ ስሜንም እትዬ ሳይሉ ነው የሚጠሩት። ዋና ትችላላችሁ ብዬ ማንንም አልጠይቅም። ገንዳ ወስጄ ሲዋኙ በዓይኔ አያለሁ።

ዘንድሮ ጋሽ ታፈሰ ሴት የልጅ ልጁን ይዞ ምዝገባ ላይ መጣ። ሸብቷል። ለዓመታት ሰላም ተባብለን አናውቅም፤ ያን ቀንም አልተባባልንም። «ዋና አትችልም» አለኝ፣ ወረቀቱን ፈርሞ ወጣ። ይቅርታ የምትመስል ነገር ከአፉ ትወጣ እንደሆነ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። አልወጣችም።

ልጅቷን እኔው ታንኳ ላይ፣ ከፊቴ አስቀመጥኳት። ሊዲያ ትባላለች፣ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ያው ሐይቅ መሀል ስንደርስ ዞር አለችና «አያቴ ድሮ ሌደር ነበር አይደል? ለምን ተወው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ለዓመታት ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ጥፊው አለበት፣ ውሸታም የሚለው አለበት፣ የእናቴም ኩርፊያ አለበት። ልጅቷ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ ትጠብቀኛለች።

«ደክሟቸው ነው» አልኳት።

አመነችኝና ወደ ፊት ዞረች። እዚያ ሐይቅ ላይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።