ከግንባሩ እስከ መሬት ሦስት ኪሎ

ኡበይደላ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። የከተማውን ወንድ ሁሉ ወገብ ያውቃል፤ ማን እንደ ወፈረ፣ ማን እንደ ከሳ፣ ማን ያልከሳ ለመምሰል ሰፋ ያለ ሱሪ እንደሚያሰፋ። የራሱን ወገብ ግን ለብዙ ዓመት ሳይለካ ኖረ። ሱሪው ሲጠበው ይተረትረዋል፣ ያሰፋዋል፣ ይለብሰዋል። ሌላ ሰው ሱሪው ሲጠበው ይደነግጣል፤ ልብስ ሰፊ ግን መርፌ ስላለው አይደነግጥም።

ያስደነገጠው ጉልበቱ ነው። አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ሱጁድ ወርዶ መነሳት አቃተው። ሰልፉ ሁሉ ሲቆም እሱ በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ ቀረ፤ በመጨረሻ ሰላቱ ሲያልቅ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አነሱት። ከዚያ ወዲህ ወንበር ተሰጠው። ወንበሮቹ በሰልፉ ጫፍ ናቸው፤ የሚቀመጡባቸውም ጆሯቸው የከበደ፣ በትራቸውን ከጎናቸው ያጋደሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ኡበይደላ ገና ስልሳ አልሞላውም። ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ላይ ሲደፋ እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሰው ጀርባ ያያል። ጀርባ ማየት ደግሞ ሙያው ነው። የማን ኮት ትከሻው ላይ እንደ ተጨማደደ፣ የማን ጀለቢያ ስፌቱ እንደ ተንሻፈፈ ሳይወድ ይመለከታል። ሰላቱ ውስጥ ስፌት ገባበት። ከአላህ ጋር የነበረው ነገር ሁሉ በአንገት ሰላምታ የቀረ መሰለው፤ እንደ መንገድ ላይ ትውውቅ።

ወልድያ ሲሄድ ማርታ የምትባል ወጣት ሐኪም አየችው። ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ሚዛን ላይ አወጣችው።

«አባባ፣ ጉልበትዎ መጥፎ አልነበረም። የተሸከመው ነው የበዛበት።»

«ምን ያህል በዛበት?»

«አሥራ አምስት ኪሎ። እሱን ካወረዱ ይታጠፋል። ግን መውረዱ ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ ከመጣ ያኔ እኔም አልችልም።»

ኡበይደላ አወረደ። ስኳር ተወ፣ ለስላሳ ተወ፣ ማታ እንጀራ ላይ እንጀራ መደረብ ተወ። አሥራ ሁለቱ ኪሎ እንደ ጨዋ እንግዳ ነበር፤ በቃ ሲባል ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሦስቱ ግን ዘመድ ሆኑበት። ቢቆጣም፣ ቢያስርብም፣ ዝም ቢልም አይሄዱም። ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ይሞክራል፤ ጎንበስ የሚልበት ሩኩዑ ተስተካክሏል፣ ጉልበቱም መሬት ይደርሳል፣ ግንባሩ ግን አንድ ስንዝር ሲቀረው ጉልበቱ «እስከዚህ ነው» ይለዋል። ያቺን ስንዝር አፍጥጦ ያያታል።

ማርታ በእግር እንዲሄድ ነገረችው። ችግሩ እዚህ ላይ ተጀመረ። መርሳ ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ማሳ፣ ወደ ለቅሶ። ወደ የትም የሚሄድ ሰው ግን የለም። በመጀመሪያው ቀን ወደ ስሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሲጓዝ ባጃጅ ነጂው አሚር አጠገቡ አቆመ።

«ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ተወኝ፣ በእግሬ ነኝ።»

«ወዴት ነዎት?»

«ወደ የትም።»

«ወደ የትም ከሆነማ መንገዴ ነው፤ ይግቡ።»

እምቢ ሲለው አሚር ባጃጇን እያዘገመ ከጎኑ ብዙ መንገድ አጀበው። ኡበይደላ በማግስቱ ሰው እንዳይጠይቀው ብሎ የተሰፋ ሱሪ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ለደንበኛ የሚያደርስ መሰለ። ይህ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። በኋላ ግን የማንጎ ነጋዴዎቹ ያው ግራጫ ሱሪ በየቀኑ ሄዶ በየቀኑ እንደሚመለስ አስተዋሉ።

«የዚያ ሱሪ ባለቤት ሞቶ ይሆን?» አለች አንዷ።

«ኧረ እኔስ የፈራሁት ለተሸካሚው ነው» አለች ሌላዋ። «ፊቱን አላየሽውም?»

ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የወፈረን ሰው ምን ነካህ የሚለው የለም። የከሳ ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው። ብዙ ሳይቆይ ወሬው ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዓቢዳ ዘንቢሏን ጥላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«የዙልፋ አባት፣ ከእንግዲህ ገበያ አልወጣም።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«የሺ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዓቢዳ እህቴ፣ ጤፍ ከቸገረሽ እኔ ቤት አለ፤ ምን ያሳፍራል› አለችኝ። በሰው ፊት! ይኸን ሁሉ ዓመት አብልቼህ፣ ባሏን በረሃብ ጨረሰችው ልባል?»

«ሐኪም አዞኝ ነው አትያትም?»

«ብያታለሁ! ‹ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀመረ?› ብላ ደረቷን መታች።»

ጥየቃው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። ጎረቤታቸው የሺ በማር የጣፈጠ አጥሚት ይዛ ቀደመች፤ ተከትለው እርጎ፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ ተልባ መጡ። ለታመመ ሰው የመጣ ነገር ሳይነካ አይመለስም። ከነምግቡ የተመለሰ ዕቃ ያመጣችውን ሴት ሌሊቱን ሙሉ ያስጨንቃታል፤ ወይ ተጣልታለች፣ ወይ ሰውየው ተስፋ ቆርጧል። ስለዚህ አምጪዋ ቁጭ ብላ ዕቃው ባዶ እስኪሆን ትጠብቃለች።

«የሺ፣ ደኅና ነኝ እኮ፤ አልታመምኩም» አላት ኡበይደላ።

«አጎቴም እንደሱ ነበር የሚለው።»

«አሁን እንዴት ነው?»

«ነፍሱን ይማረው» አለችና ኩባያውን ሞላችለት።

ወልድያ ሐኪሟ ዘንድ ሲመለስ ከሦስቱ ኪሎ አንዱም አልሄደም፤ ሁለት ጓደኛም አምጥተዋል። ማርታ ሚዛኑን አየች፣ እሱን አየች።

«አባባ፣ ምን በሉ?»

«ጠያቂ በዛብኝ።»

«ይህ እንዲህ ከቀጠለ ወንበሩን ይልመዱት ብዬ ነው የማሰናብትዎት።»

በሚኒባስ ሲመለስ ይህን ቃል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መጣ። መርሳ ሲደርስ ደግሞ ደጁ ላይ ሙክት ታስሯል። ሰፈሩ ለሱ ጤና፣ ለአፊያው፣ ዱዓ ሊያደርግ ተሰብስቦ ቆርጧል፤ ሼህ ኢዘዲን ሊመሩት እሺ ብለዋል። ለዱዓ እምቢ አይባልም።

በነጋታው ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙህር፣ በኋላ ቤቱ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ጫቱ ዞረ፣ የሺና ሴቶቹ በጓዳ በኩል ሆኑ፤ አሚር ባጃጁን አቁሞ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሙክቱ በጓሮ እየተወጠወጠ ነው። ሼህ ኢዘዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኡበይደላ፣ የምትለምነውን፣ ሐጃህን ተናገር። ሐጃውን የደበቀ ሰው ዱዓውም ዞሮ ዞሮ አድራሻ ያጣል።»

ኡበይደላ ያሰበው «አፊያ ስጡኝ» ብሎ ሊያልፍ ነበር። ከበሩ ማዶ የሚንተከተከው ወጥ ሸተተው። የሐኪሟ ቃል መጣበት።

«ሐጃዬ» አለ፤ «ግንባሬ መሬት እንዲነካ ነው። በወንበር ስሰግድ ከረምኩ። ለሱጁድ የቀረኝ አምስት ኪሎ ነው። ሦስቱ የራሴ ናቸው፣ ሁለቱን ሰሞኑን ያመጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እንድከሳ ዱዓ አድርጉልኝ፤ ከስቼም እንድቀር።»

ጓዳ ውስጥ የዕቃ ድምፅ ቆመ። እዚያ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ስለ ነፍስ ዱዓ ያላደረገ የለም። ሥጋን ውሰድልን ብሎ የለመነ ግን አንድም አልነበረም። ብዙዎቹ ሰባ ሰባትን ያስታውሳሉ። በዚያ ዓመት እዚሁ አካባቢ፣ ክሳት ሰው ሁሉ የሚለብሰው አንድ ዓይነት ልብስ በነበረበት ጊዜ፣ አባቶቻቸው በተሰነጠቀ ከንፈር ሌላ ነገር ለምነው ነበር።

«ይኸን» አሉ ሼህ ኢዘዲን በመጨረሻ፣ «አላህ ከዚህ አገር ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።»

«ይቻላል ወይስ አይቻልም?» አለ አንዱ።

«ሰውየው ሱጁድ ነው የለመነው። ሱጁድ አይለመንም የሚል ካለ እጁን ያንሣ።»

ያነሳ የለም። ሼሁ ለመኑ፤ ቤቱ «አሚን» አለ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ልክ መሆኑን ገና ያላመነ ሰው እንደሚለው፤ ኋላ ግን ሞቆት፣ ጮክ ብሎ። የሺም ከጓዳ «አሜን» አለች።

ከዚያ ምግቡ ቀረበ። ዓቢዳ ለባለ ሐጃው የሚገባውን ሥጋ ከፊቱ ከመረችው፤ ዱዓ የተደረገለት ሰው ሳይቀምስ ሌላው አይጀምርም። ኡበይደላ አንድ ጉርሻ ዋጠ። ሁለተኛውን ሲጠቀልል ሼህ ኢዘዲን ሳህኑን ጎተት አድርገው ወደ ራሳቸው ወሰዱት።

«በቃህ። የቀረውን እኔ እወጣልሃለሁ» አሉና የሁለቱንም ድርሻ በሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የኡበይደላ ብቻ መሆኑ ቀረ። አሚን ያለ ሁሉ ባለ አክሲዮን ሆነ። ሻይ ቤት ሲገባ ስኳሩን ከጠረጴዛው ያነሡበታል። ሠርግ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ወጥ ሲወጣለት ከማዶ ጉሮሮ ይጠረጋል። በእግሩ ሲጓዝ አሚር ጥሩምባ እየነፋ ሳያቆም ያልፋል። የሺ መንገድ ላይ ስታገኘው ከራሱ እስከ እግሩ አይታ «ትንሽ ይቀራል» ትለዋለች፤ ማሽላ እንደሚጠባበቅ ገበሬ። ግራጫውን ሱሪ ቤቱ ጥሎ መውጣት ጀመረ።

አንድ ጊዜ ወልድያ መናኸሪያ፣ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ትኩስ ቦንቦሊኖ ገዛ። ግማሹን ሳይጨርስ ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ጋሼ!»

አሚር ነው፤ የባጃጅ ጎማ ሊገዛ የመጣ።

«ጋሼ፣ አሚን ብዬልዎት እኮ ነው!»

«ረስቼው ነው።»

«እኔ መች ረሳሁ? ሥራዬን ፈትቼ ነበር የተቀመጥኩት።» የቀረውን ከእጁ ወሰደና እዚያው ቆሞ በላው። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ «ለማንም አልናገርም» አለ። እስኪመሽ መርሳ ሁሉ ሰማ።

አምስቱም ኪሎ የሄዱት እንዲህ ነው፤ በረሃብ አይደለም፣ በእፍረት።

ከዚያ በኋላ በዋለ አንድ ጁምዓ ኡበይደላ ወንበሩን አልፎ ሰልፉ ውስጥ ቆመ። ከጎኑ ያሉት ምንም እንዳላዩ ሆኑ፤ ትከሻቸውን ግን አስጠጉለት። ሱጁድ ሲደርስ ጉልበቱን ቀስ ብሎ አኖረ፣ እጁን አኖረ፣ ጎንበስ አለ። ስንዝሯ አልቃ ግንባሩ ምንጣፉን ነካ። ከምንጣፉ የአቧራና የሰው እግር ሽታ መጣው። የማንም ጀርባ አይታይም። ያኔ፣ በሰባ ሰባት፣ ወጣት ሳለ፣ ግንባር መሬት ማስነካት ለማንም አይከብድም ነበር፤ መነሳት ነበር የሚከብደው። ከአባቱ ጎን ወርዶ፣ አባቱ እስኪነሣ የጠበቀበት አንድ ሱጁድ ትዝ አለው። ኢማሙ «አላሁ አክበር» አለ። ኡበይደላ በራሱ ጉልበት ተነሣ።

ቤት ሲገባ ዓቢዳ ፊቱን አይታ አወቀች።

«ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። ይዛው የወጣችው ሳህን ከነክምሩ የድሮው ነው። «እንግዲህ ብላ። አለቀ አይደል?»

«አላለቀም። ሐኪሟ እንዳይመለስ ነው ያለችኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክሞት።»

«አፉ በል!» አለች። ቆማ ሳህኑን አየችው፣ እሱን አየችው። ከዚያ እየተነጫነጨች ከክምሩ ግማሹን ወደ ድስቱ መለሰች፤ ጥቂት አሰበችና ትንሽ ደግሞ ቀነሰች።