የሮቢቱ በርሜልና የጋሽ ኡመር ግመሎች

ሥራ የጀመርኩት ሸዋ ሮቢት፣ አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ በርሜል በመጠበቅ ነው። ጊዜው የጣሊያን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጣሊያናዊው የሥራ አለቃ፣ ካቦው፣ ድንጋይ የተሞላ፣ ኖራ የተቀባ በርሜል መሐል መንገዱ ላይ አስቆመና የሥራ ዕቃዬን አስረከበኝ፦ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ቆብ፣ በአንድ ፊቱ ቀይ በሌላው ፊቱ አረንጓዴ የተቀባ ባለ እጀታ ክብ ጣውላ።

ትእዛዙን በአስተርጓሚ ነገረኝ። «መኪና ሁሉ በርሜሉን በግራው አድርጎ ይዞራል። ሁለት ሲገናኙ በቀኝ የመጣው ያልፋል። የጦር መኪና ከመጣ ሁሉም ይቆማል። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። እውነቱን ለመናገር የገባኝ ቆቡን ማድረግ ብቻ ነበር።

የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። መሬቱ ለታላላቆቼ ስለደረሰ እንጀራ ፍለጋ ቁልቁል ወረድኩ። ብርድ የለመደ ሰውነቴን የቀወት ቆላ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ልጣጩን ገፈፈችው።

ሾፌሮቹ ከእኔ የባሱ ነበሩ። ከጣሊያን በፊት መንዳት የተማሩት ግራቸውን ይዘው ይመጡና በርሜሉ ፊት ለፊት ሲደርሱ ይደነግጣሉ። አንዱ በርሜሉን እንደ ሹም ቆጥሮት ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነስቶ አለፈ። ሌላው መውጫው ጠፍቶት ደጋግሞ ዞረና ካሚዮኑን አቁሞ፣ «ወንድሜ፣ እንደ ታቦት ሦስት ጊዜ ነው የሚዞረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እየቀለደ አልነበረም።

የሁለት ያገሬ ልጆች ነገር ደግሞ አለ። ካሚዮኖቻቸውን አፍ ለአፍ አጋጥመው ቆሙ። «እለፍ» አለ አንዱ። «ኧረ በሞቴ፣ አንተ እለፍ» አለ ሌላው። «እኔ ልሙት አታስቀድመኝ» ተባባሉ። በመጨረሻ ሁለቱም እሺ ብለው እኩል ተነሱና የአንዱ መብራት ረገፈ። በቀኝ የመጣው የትኛው እንደነበር ያሰበ አልነበረም።

ቀኑ እንዲህ ይሄዳል። የከበደኝ ሌላው ነው። ቆቡን ያየ ሰው ሰላምታ አይሰጠኝም። ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ገበያ ውስጥ የፈለግሁትን ይሸጡልኛል፣ ፊታቸውን ግን አያሳዩኝም። አልፈርድባቸውም፤ ዘመዶቻቸው ጫካ ነበሩ። በጣሊያኖቹ ካምፕ ደግሞ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳሳልፍ እውላለሁ፣ የሚያናግረኝ ግን የለም። አንዳንዴ በርሜሉን «እንዴት አደርክ?» እለው ነበር።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ስሜን የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ኡመር ናቸው። አርጎባ ናቸው፤ በየሳምንቱ ከበረሃው ወገን ጨው ጭነው ይመጡና ማሽላ ጭነው ይመለሳሉ። አሥራ አንድ ግመል ይመራሉ። የአንዷ አገጭ ከፊተኛዋ ጭራ ጋር በገመድ የተያያዘ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ቆላው በረታብህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ጋሼ። አንቱስ እንዴት ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ። ማን ትባላለህ?»

«ይርጋ።»

«ይርጋ፣ ውሃ አለህ?»

ቅሌን ሰጠኋቸው። ጠጥተው አመሰገኑ። ስሜን ከሰው አፍ ከሰማሁ ስለቆየሁ እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ በርሜሉ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሳምንት የምቆጥረው በእሳቸው መምጫ ሆነ። ግመሎቹን ካሳረፉ በኋላ ግራሩ ሥር ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ግመል ሕመም፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኛል። ስለ ቆቡ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

አንድ የገበያ ቀን በርሜሉ ዙሪያ ተቆለፈ። ካሚዮኖች ከደብረ ሲና፣ ከኮምቦልቻ፣ ከካምፑና ከገበያው ባንድ ጊዜ ደረሱ። በሕጉ መሠረት በርሜሉን የሚዞረው ከቀኙ ለሚገባው ይቆማል። የገባውም ጥቂት ሄዶ፣ ከቀኙ ሌላ ሲገባ እሱም ይቆማል። ዙሪያው ሞላ። ሁሉም ሕግ አክብሮ ሁሉም ቆመ። ክላክሱ ጆሮ ይበጥሳል፤ እኔም ከንፈሬ እስኪያብጥ ፊሽካ እነፋለሁ።

ጋሽ ኡመር ከግራሩ ሥር ተነሥተው መጡ። «ይርጋ፣ ይህ ምን ያስጨንቅሃል? ግመል ጠባብ በር ውስጥ ከገባች፣ እሷ ሳትወጣ ሌላ አትጨመርም። የገባውን አስወጣ፣ ያልገባውን አቁም።»

በየመንገዱ አፍ እየሮጥኩ ቀዩን አሳየሁ፤ ለገቡት አረንጓዴውን። ወዲያው ፈታ አለ። እንደዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ከቆሙት ሾፌሮች አንዱ ለካቦው ከሰሰኝ። ካቦው በማግስቱ መጣ።

«ሕጉን ማን ለወጠው?» አለኝ በአስተርጓሚው።

«ተቆልፎ ነበር ጌታዬ። የገባውን ሳስወጣ ተከፈተ።»

«በቀኝ የመጣ ያልፋል። የጦር መኪና ከሁሉ ይቀድማል። ደግመህ ከራስህ ሕግ ብታወጣ ትታሰራለህ።»

ካምፑ ውስጥ የሚታሰር ሰው በእግሩ ሄዶ ሲወጣ አላየሁም። እሺ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ኡመር ማሽላቸውን ጭነው ሲመለሱ በርሜሉን መዞር ጀመሩ። አምስቱ ግመሎች አልፈዋል፤ ስድስቱ ይቀራሉ። በዚያች ቅጽበት በቀኝ በኩል አቧራ ተነሣ። የጦር ካሚዮኖች ናቸው። ካቦው ከፊተኛው መኪና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት።

ጋሽ ኡመር ዞረው አዩኝ። «ይርጋ፣ ገብተናል እኮ» አሉ።

ካሚዮኖቹን ለማቆም ጊዜ ነበረኝ። ርቀቱን ዛሬም እለካዋለሁ። ጣውላውን ወደ ግመሎቹ አዙሬ ቀዩን አነሣሁ።

ጣውላው ፊታቸው ሲነሣ ኋላ ያሉት ደንግጠው ቆሙ፤ ፊት ያሉት እየሄዱ ነበር። መሐል ያለችው ግመል በሁለት ገመድ ተወጠረች። ፊተኛው ካሚዮን ክላክሱን ነፋ። ደንብራ ስትዘል የፊቱ ገመድ አገጯን ቀድዶ ተበጠሰና መንገዱ ላይ ወደቀች። ጎማው የኋላ እግሯ ላይ ወጣ። ካሚዮኖቹ ፍጥነት ሳይቀንሱ ተከታትለው አለፉ። ካቦው በመስኮት እጁን አንሥቶ «ጎበዝ» በሚል ዓይነት አሳየኝ። ጣሊያን በምስጋና እጁን ሲያነሣልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሽ ኡመር ተመለሱ። እግሯን ዳሰሱና ቢላቸውን አወጡ። ቢስሚላህ ብለው አረዷት። ጭነቷን ለሌሎቹ ሲያከፋፍሉ ልረዳቸው ቀረብኩ፤ አልከለከሉኝም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ታዝዤ ነው።»

«መታዘዝህን አውቃለሁ» አሉ። «አላህ ይቅር ይበልህ። ቀዩን ያነሣኸው ግን አንተ ነህ።»

የቀሩትን ግመሎች አያይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅሌን ሞልቼ ጠበቅኋቸው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከታች፣ በወንዙ በኩል፣ የግመል አንገት ከቁጥቋጦው በላይ ሲሄድ አየሁ። ቆጠርኩ፤ አሥር ናቸው። በመንገዱ መምጣት ትተው በወንዙ መሻገሪያ ዞረዋል። ሮጬ ብወርድ እደርስባቸው ነበር። አፈርኩና ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ በዚያው ሄዱ። ሥራውን እስክለቅ ድረስ ከአንድም ሰው ጋር ግራሩ ሥር አልተቀመጥኩም።

ጣሊያን ሲወጣ እኔ ሾፌር ሆንኩ፤ ዕድሜዬ ሲገፋም የሾፌር አስተማሪ። ተማሪዎቼን አደባባይ ላይ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፦ ውስጥ የገባ ይቀድማል። ከውጭ የሚመጣው ማንም ይሁን፣ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ያልመለሰ ተማሪ ከእኔ ዘንድ አያልፍም።

አንዳንዱ አልገባኝም እያለ ይከራከረኛል። ላልገባው ደግሜ አስረዳለሁ፤ አልቆጣም። እኔ ያን ቀን ጣውላውን ሳነሣ በደንብ ገብቶኝ ነበር።