በገጽ መቶ አሥራ ሁለት የተኛው ሰው

ኮልማን መልኬሪን በስምንት ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በምዕራብ አየርላንድ ካለችው ከጎልዌይ ከተማ ወዲያ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዱትና ሦስት ዓመት በጀርባው ተኛ። ከጎኑ ከነበሩት አልጋዎች አራቱ ባዶ ሲሆኑ በዓይኑ አይቷል። ጠያቂ የሚመጣው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመስኮቱ መስተዋት ወዲህ አያልፍም።

አባቱ ፌስተስ አንድም ወር አልቀረም። ባርኔጣውን አውልቆ ከውጭ ይቆማል። መዳፉን መስተዋቱ ላይ ያሳርፋል፤ ልጁም ከውስጥ የራሱን መዳፍ እዚያው ላይ ይገጥማል። ሰዓቱ ሲያልቅ ለነርሷ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጥቶ ይሄዳል። በምን እንደመጣ ልጁ ጠይቆ አያውቅም። አባት ነው፤ ይመጣል፤ በቃ።

ድኖ ወደ መንደሩ ሲመለስ እናቱ ደጃፍ ላይ አቁማ፣ «የት ነበርክ ቢሉህ አክስቴ ዘንድ ከተማ ነበርኩ በል» አለችው። ያ በሽታ የገባበትን ቤት ደጅ የሚረግጥ አልነበረም፤ ከዚያ ቤት የወጣ ቅቤም ገዢ አያገኝም። ልጁም እንደታዘዘው አለ።

ትምህርት ቤት የስድስት ዓመት ሕፃናት መሐል አስቀመጡት፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ራሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደና የምድጃው እሳት እንዳይጠፋ ጠባቂ ሆነ። በአሥራ አራት ዓመቱ ከዚያ ሲወጣ እሳት ማንደድ እንጂ ፊደል አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት መንደር ውስጥ አንድ መጽሐፍ ገባ። በምዕራብ አየርላንድ በእግሩ የዞረ አንድ እንግሊዛዊ የጻፈው ነው። የገዛው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ባርትሊ ነበር፤ ገዝቶም ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገልጦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ መርጦ ለጠጪው ሁሉ እየጮኸ አነበበ።

«በድልድዩ አጠገብ፣ ሁለት እሾሃማ ዛፎች ባሉበት ቤት፣ ባለቤቱን በቀትር እሳት ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ሚስቱ የመናጫውን ዘንግ እጄ ላይ አስያዘችኝና ጌታው ሲያንኮራፋ እኔ እንግዳው ቅቤ ናጥሁለት።»

በመናጫው ነገር የሳቁት በእንግሊዛዊው ነው። ወተት በሚናጥበት ቤት የገባ ሰው «እግዜር ሥራችሁን ይባርክ» ብሎ ዘንጉን ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ካላንቀሳቀሰ የቤቱን ቅቤ በረከት ይዞ ይወጣል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። የቀትሩ እንቅልፍ ግን ሌላ ነው። ድንጋይ በበዛበት በዚያ አገር በቀትር የሚተኛ ሰው ሰነፍ ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለው ቤት የማን እንደሆነም ያልገባው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌስተስ «ጌታው» ተባለ።

«ጌታው ነቅተዋል?»

«ኮልማን፣ ዛሬ ለአባትህ ማን እየናጠላቸው ነው?»

ፌስተስ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ኮልማን በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጥርሱ እስኪደማ ተደባደበ። ከድብድቡ ይልቅ ያቃጠለው ግን የአባቱ ዝም ማለት ነበር። እውነት ባይሆን ዝም ይላል? ይህን ሐሳብ ጠላው፤ ግን አልለቀቀውም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሐሳቡን ይዞ በመርከብ ለንደን ሄደ።

ለንደን ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ጉድጓድ ቆፈረ። እንደ ሌሎቹ ጋዜጣ ኪሱ ውስጥ ይይዛል፤ አንብብ ሲሉት «መነጽሬን ረስቻለሁ» ይላል።

«ኮልማን፣ እስቲ ንገረኝ» አለው አንድ ቀን የሥራ አለቃው፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ የረሳኸውን መነጽር የት ነው የረሳኸው?»

ያን መጽሐፍ አንድ ሰው እንዲያነብለት አልጠየቀም። የአባቱን ነውር ከሌላ ሰው አፍ ዳግመኛ ላለመስማት ምሎ ነበር።

እናቱ ስትሞት ተመለሰ። አባቱ ሰባ አምስት ዓመት አልፎት፣ እግሩ ያበጠ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ሆኖ ጠበቀው። አብረው በሉ፤ አብረው እሳት ሞቁ። ኮልማን ሽማግሌው እሳት ዳር ሲያንቀላፋ ባየ ቁጥር ያ ዓረፍተ ነገር ይመጣበታል፤ በራሱም ያፍራል። ሳያጣራ ሊቀብረው አልፈለገም።

ጡረታ ወደወጣችው መምህርት ሳቢና ቤት የሄደው የተሰበረ የጣሪያ ድንጋይ ሊጠግን ነበር። ሥራውን ጨርሶ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«ሌላ የሚጠገን አለ?» አለችው።

«አለ መምህርት። እኔ።»

አልሳቀችም። የዱቄት ከረጢት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኼ ምን ይላል?»

«ዱቄት።»

«አነበብከው ወይስ አወቅከው?»

«አወቅሁት።»

«እንግዲያው ዛሬ እናነበዋለን። ደግሞ በሩን አትዝጋ፤ ሌባ አይደለህም።»

ሁለት ክረምት ፈጀ። ከዱቄት ከረጢት ወደ ሻይ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወደ መቃብር ድንጋይ፣ ከዚያ ወደ ጋዜጣ ተሻገሩ። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ሁለት መስመር ባንዴ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በክብሪት እንጨት እየጠቆመ ያነብ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ወር ባርትሊ ቤት ገባ። ባርትሊም አርጅቶ ወንበር ላይ ነው የሚውለው።

«ያ መጽሐፍ አሁንም አለዎት?»

«የቱ?»

«ያውቁታል።»

ባርትሊ ወደ መደርደሪያው አየ። «ማን ሊያነብልህ ነው?»

«እኔ።»

ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ እየተደገፈ ተነሥቶ አወረደው፤ አቧራውንም በእጅጌው ጠረገ። «ውሰደው» አለ። «እኛ እንኳ የሳቅነው... እንዲያው ሳቅ አጥተን ነው።»

ኮልማን ድልድዩ ላይ ተቀመጠ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ፈልጎ ክብሪቱን አስቀመጠ። ባርትሊ ካነበባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በላይ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ ከበታቻቸውም እንዲሁ። ገጹ «ሰኞ፣ መጋቢት ሁለት ቀን» ብሎ ይጀምራል። ወደ ታች ወረደ፤ ሁለቱን አለፈ። «በሩ ላይ እስከ ኮርቻው ድረስ ጭቃ የለበሰ ብስክሌት ተደግፏል፤ ከቤቱ ሰው አንድም ሊያጥበው የተነሣ የለም። የሰውየው ጫማ እሳቱ ዳር ይጨሳል፤ እንደ ረጠበ አላወለቀውም።»

ክብሪቱ ቆመ።

ሰኞ መጋቢት ሁለት ከሆነ እሑድ መጋቢት አንድ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ፤ ዓመቱም እሱ ሆስፒታል የተኛበት።

አንድ ጊዜ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚህ ቤት እስከ ሆስፒታሉ ሃምሳ ማይል ነው። አባቱ በአውቶቡስ ይመጣ እንደነበር ነበር በልቡ የሚያምነው። በአውቶቡስ ቢሄድ ግን ሹፌሩ መንደርተኛ ነው፤ ወሬው በማግሥቱ ባርትሊ ቤት ይደርስ ነበር። የመጽሐፉ ጸሐፊ ጭቃውን አየ፤ ጫማውን አየ፤ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀም።

ገብቶ ከአባቱ ፊት ተቀመጠና ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበለት፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንዱን ቃል እየደገመ። ፌስተስ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ።

«አንተ ነህ ያነበብከው?» አለ ሲጨርስ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ኧረ ግሩም ነው።» እሳቱን ቆስቆስ አደረገ። «ረጅም ሰውዬ ነበር፤ እንደ ሽመላ። ስነቃ አየሁት። ቅቤው ወጣለት ይላል?»

«አይልም።»

«ወጥቶለታል። ክንዱ ረጅም ስለሆነ እናትህ ወደደችው።»

«አባዬ፣ በብስክሌት ነበር የምትመጣው?»

«በምን ልምጣ? ቅዳሜ ማታ ወጥቼ ሰኞ ጠዋት እገባለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም? ያን ሁሉ ዓመት ጌታው ሲሉህ?»

«ምን ልበል? ልጄ የሳንባ በሽተኛ ነበር ልበል? ማን ደጃችንን ይረግጥ ነበር? አንተንስ ማን ያስጠጋህ ነበር?»

«እኔ ለንደን ከሄድኩ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ለመድኩት።» ፌስተስ ፈገግ አለ። «ጌታው መባል ምን ክፋት አለው? ደግሞ ሰውየው እንግዳ ነው፤ የእንግዳ ስሕተት አይቆጠርም። እሱ የናጣት ቅቤ ጨው ገብቶባት ቆየች፤ በሚቀጥለው ወር ለማን ይዤ የመጣሁ ይመስልሃል? አንተ ነህ የበላሃት።»

ኮልማን መዳፉን ዘረጋ። ሽማግሌው የሚያደርገው አልገባውም፤ ከዚያ ገባውና የራሱን መዳፍ ገጠመበት። በመሐል መስተዋት አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባርትሊ ተደግፎ መጣና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለፌስተስ ባርኔጣውን አወለቀ። ኮልማን ገጹን አስቀድሞ ለባርትሊ አንብቦለት፣ የሆስፒታሉንም ነገር ነግሮት ነበር። ፌስተስ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። «ጌታው» የሚለው ስም አብሮት ወደ መቃብር ወረደ፤ የሚጠሩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ኮልማን ዛሬ ወደቡ ዳር ድሮ የኮርቻ መሸጫ በነበረች ክፍል ያረጁ መጻሕፍት ይሸጣል። የአየርላንድ ታሪክ፣ የጥንት ሕግ፣ የዘፈንና የተረት ስብስብ፣ ከሁሉም የሚበዛው ግን በዚህ አገር የዞሩ መንገደኞች የጻፉት ነው። ያ የእንግሊዛዊው መጽሐፍ በእጁ በገባ ቁጥር ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ይከፍትና በኅዳጉ በእርሳስ ይጽፋል፦ «ይህ ሰው የደከመው ሆስፒታል የተኛ ልጁን አይቶ በብስክሌት መቶ ማይል ደርሶ መልስ ስለተጓዘ ነው። ልጁ እኔ ነኝ።» ከዚያ ይሸጠዋል። ስንቱ ላይ እንደጻፈ አይቆጥርም።

ባለፈው በጋ አንዲት የታሪክ ተማሪ ኅዳጉን አንብባ ወደ እሱ መጣች።

«አቶ መልኬሪን፣ በጸሐፊው አልተናደዱም?»

«በእሱ ለምን? ጭቃውን ባይጽፈው እኔ በምን አውቅ ነበር? ዓይኑ ጥሩ ነው፤ መጠየቁን ነው የረሳው።»

«ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ካለዎት፣ ትልቁ ነገር የቱ ነው ይላሉ?»

ኮልማን መነጽሩን አወለቀ፤ አሁን እውነተኛ መነጽር አለው።

«ነገሥታቱንም፣ ረኃቡንም፣ ጦርነቱንም አንብቤአለሁ፤ ማወቅ መልካም ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር አባቴ በሕይወት እያለ መድረሴ ነው። ሁለት ዓመት ብዘገይ ለመቃብር ድንጋይ ነበር የማነበው። አንቺም ወተት የሚናጥበት ቤት ከገባሽ ዘንጉን ያዢ፤ ያ የቤቱ ወግ ነው። ከዚያ ግን የተኛውን ሰው ሲነቃ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ብለሽ ጠይቂው።»