ተፈውሻለሁ ካለ በኋላ

ሳሉ ሲጀምረው ከጥጥ ብናኝ ነው ብለን ተውነው። ባለቤቴ ደረጀ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ ጠዋት ከደሴ በአውቶቡስ ይወርዳል፣ ሲመሽ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ተሸክሞ ይመለሳል። "ሽበትህን አራግፈህ ግባ" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ከዚያ ሌሊት ያልበው ጀመር። ሸሚዙ ሰፋው። አንድ ጠዋት መሐረቡ ላይ ደም አየሁ። ቀልዴን ተውኩ።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና "የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ። ይድናል" አለን። ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ፣ አይሶናያዚድ በኪኒን አዘዘ። መርፌው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ኪኒኑ ግን ዓመት ይፈጃል።

"ቶሎ ይሻልሃል፤ አደጋውም ያኔ ነው" አለው። "ካቋረጥህ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከዚያ ወዲያ የምሰጥህ የለኝም።" ለእኔ ደግሞ መስኮት ክፈቺ፣ ቤቱን አናፍሺ አለኝ።

መስኮት መክፈት! ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ የምንሰበሰበው በየቤቱ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ወጥረን ነበር። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። የቀበሌ ሰው ከሰማ እስር ነው። ደረጀም አክታው ንጹሕ ነው እስኪባል ድረስ ከጉባኤው ራቀ።

ሲመለስ ፊቱ ሞልቶ፣ ጉንጩ ቀልቶ ነበር። በዚያ ሰሞን የታሰሩ ወንድሞች ስለነበሩን ጉባኤው አንድ ደስ የሚል ወሬ ተርቦ ነበር። ደረጀ ተነሥቶ "ጌታ ጨርሶ ፈውሶኛል" ብሎ መሰከረ። ሰው ሁሉ ድምፁን አፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

በማግሥቱ ኪኒኑን ሳቀርብለት እጁን ሰበሰበ።

"መስክሬ ሳበቃ እንዴት እውጣለሁ? ጌታን ላሳፍረው?"

"ጌታ አያፍርም፤ የምታፍረው አንተ ነህ" አልኩት።

አልሰማኝም። ምላሴ ቤት ውስጥ ስለት ነው፤ ጉባኤው ፊት ግን ተሳሰረ። እምነት የሌላት እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። በየቀኑ ኪኒኑን አቀርባለሁ፣ በየቀኑ ይመልሰዋል።

ክረምቱ ሲገባ ሳሉ ተመለሰ። ስንጸልይ ድምፁ ወደ ደጅ እንዳይወጣ ትራስ አፉ ላይ ይይዛል። ብርድ ነው ይላል። የደሴ ጉም ነው ይላል።

አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሳለ። ደም መጣ። መሐረብ አልበቃውም፤ ሳህን ያዝኩለት። ከንፈሩ ነጣ። ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ጮኽኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን ክፍት ትተው እየሮጡ ገቡ።

"ወላሂ፣ ይኸ ሰው ጊዜ የለውም! አንሽው በዚያ በኩል!"

በዕቃ መጫኛ መኪናቸው ይዘውን ከነፉ። መንገዱን ሙሉ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ" ይሉኛል።

ያው ሐኪም ነው የተቀበለን። መድኃኒቱን ለምን እንዳቆመ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አሁን ይሥራለት አይሥራለት አላውቅም። ጀምረን እናየዋለን" አለኝ።

ጠበቅን። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ምግብ አይገባለትም። ጸሎቴ ሁሉ አንድ ሆነ፦ ጌታ ሆይ፣ መድኃኒቱ ይሥራለት።

ሠራለት። መጀመሪያ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ቀጥሎ አጥሚት ጠየቀ፣ እያደር ደግሞ ጋቢውን ደርቦ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ከሌሎቹ ሕመምተኞች ጋር መጨዋወት ጀመረ፤ ቤት ከገባን በኋላም ቀን ቀን መስኮታችንን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጎመኑንም እንቁላሉንም እያፈራረቅሁ፣ ኪኒኑን ከቁርሱ ጋር አቀርብለት ነበር። እጁን ዘርግቶ ይቀበለኛል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰግናል፣ ይውጠዋል።

ሐኪሙ ከሰው መቀላቀል ትችላለህ ሲለው ወደ ጉባኤው ሄድን። ብርድ ልብሱ እንደተወጠረ ነው። ደረጀ ቆመ።

"ያን ጊዜ ተፈውሻለሁ ያልኳችሁ ልክ አልነበረም። ገና በሕክምና ላይ ነኝ። ኪኒኑን አቁሜ ልሞት ነበር" አለ። ከኪሱ አንዷን አውጥቶ ፊታችን ዋጣት።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው አስቴር ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠች።

"እኔም እስላለሁ" አለች። "አንተ በጸሎት ብቻ የዳንክ መስሎኝ፣ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።"

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ቲቢ ነበር። በዚያ በታፈነ ክፍል ከማን እንደያዛት ማንም አያውቅም፤ ደረጀ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሁለቱም መድኃኒታቸውን እስከ መጨረሻው ወሰዱ። ሁለቱም አሉ።

እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። ያንን ትዕግሥተኛ ሐኪም፣ ሱቃቸውን ጥለው የሮጡትን ጋሽ ሰይድንም አመሰግናለሁ። ይህን የምታነቡ ሕሙማን ሆይ፣ ጸልዩ፤ ኪኒናችሁንም ዋጡ። እምነት በጉባኤ ፊት አንድ ቀን የሚነገር ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት እጅ መዘርጋትም ነው። ስትውጡም አትደበቁ። ከጎናችሁ አፏን በነጠላ ሸፍና የምትስል አለች፤ እናንተን እያየች ነው።