ቬናል፣ ቬኒያል እና የጎረቤቴ ልጅ ኢንተርቪው

ከቀራንዮ እስከ ቤቴል፣ እንግሊዝኛ በማወቅ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ቃል ሲጠፋባቸው ለእኔ ያልደወሉት ስልኬን ስለማያውቁ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ለሚለኝ፦ በልጅነታችን እንግሊዝኛ ማለት ቃል ማለት ነበር። ከመዝገበ ቃላት በቀን አንድ ገጽ እንሸመድዳለን፤ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሜዳው ዳር ቁጭ ብለን እንጠያየቃለን። ያልመለሰ ኩርኩም ይቀምሳል። እኔ ሰው የምጥለው መንታ በሚመስሉ ቃላት ነበር።

«ቬናል ምንድን ነው?»

«ጉቦ የሚበላ!»

«ቬኒያልስ?»

«እሱም ያው ጉቦኛ…»

ኩርኩም! ቬኒያል ይቅር የሚባል ትንሽ ጥፋት ነው። ያኔ የኮረኮምኩት ጭንቅላት ቢደረደር ከቀራንዮ ተነስቶ አየር ጤና ይደርሳል።

ዛሬ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የሥራ ማመልከቻም እጽፋለሁ። ደብዳቤው ድሮ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ነው፤ እኔ ስም እቀይርና ሁለት ሦስት ከባድ ቃል እመርቅበታለሁ። ሰፈሩ በዚህ ነው የሚያከብረኝ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ልጇን እየጎተተች መጣች። ልጅቱ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ የለም። አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ለኢንተርቪው ጠርቷታል፤ በነጋታው ጠዋት፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

«አደራህን» አለች እናትየው። «ይቺ ካመለጠቻት አረብ አገር ካልሄድኩ እያለችኝ ነው። እንዳንተ አድርግልኝ።»

«እንደ እኔማ በአንድ ቀን አይሆንም። ግማሽ እኔ አደርጋታለሁ።»

ልጅቱን አስቀምጬ ጀመርኩ።

«ተርቢድ?»

ደብተሯን ገለጠች።

«በክረምት ቧንቧችን የሚያወርደው ውሃ! የደፈረሰ ማለት ነው። ቱርጊድስ?»

እናቷን አየች።

«ያበጠ! ሰርግ ላይ ቆሞ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው እግር።»

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ቃሉን ጻፈች። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ተርጂድ» አለች።

«ተሳስታለች» አልኩ።

ቀጥዬ የሰጠኋትን ቬናልን ስትጽፍ ሴትዮዋ «ቪነል» አለች፤ ቬኒያልን ደግሞ «ቪኒየል»።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ ሌላ ነው።»

«ኔትወርኩ ነው። ዝናብ ሲሆን ይንተባተባል።»

«ከእሱ ልትበልጪ ነው? ዝም ብለሽ ተማሪ!» አለች እናትየው።

እንዲህ እየተባባልን አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ልጅቱ ደብተሯን ዘጋች። የምትናገረው በሹክሹክታ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚያ የሚጠይቁኝ ስለ ራሴ ነው። እስቲ እንደ ቀጣሪ ሆነው በእንግሊዝኛ ይጠይቁኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለጉትን።»

እናትየው እጇን አጣምራ ጠበቀች። ኮፒ ሊያስነሱ የቆሙ ሁለት ሰዎችም ዞሩ። ጭንቅላቴ ውስጥ አሥር ሺህ ቃል ተሰልፏል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም። «ይሞቃል» ብዬ በሩን ከፈትኩት። ውጭ በረዶ እየዘነበ ነበር።

«እሺ» አለች ልጅቱ፣ «እኔ ልጠይቅዎትና እንዴት እንደሚመለስ ያሳዩኝ።» ከዚያም በእንግሊዝኛ ስለ ራሴ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቁልጭ ብሎ ገብቶኛል።

«አይ አም…» አልኩ። ላቤ መጣ። «አይ አም ፋይን፣ ቴንክ ዩ።»

ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀችም። ወደ እናቷ ዞራ «እማ፣ ጋሼ በአጭሩ መልሺ ማለታቸው ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ራሷ እየጠየቀች ራሷ መለሰች። የእኔ ሥራ እንደ ቀጣሪ ተኮፍሶ ራስን መነቅነቅ ብቻ ነበር፤ እሱን እንኳ በደንብ ተወጣሁት። ከእሷ የባሰ የፈራ ሰው ፊት ለፊቷ ስላየች ነው መሰለኝ፣ ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ለቀቃት። በሦስተኛው ዙር ድምፅዋ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

ተቀጠረች። እናትየው «እሱ ነው ያስተማራት» እያለች ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ አወራችልኝ፤ እኔም እንዳላሳፍራት ብዬ አላስተባበልኩም። አሁን ልጅቱ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች። ያየን ሁሉ አሁንም የማስተምራት ይመስለዋል። «ትናንት ምን ሠሩ?» የሚለው ላይ ደርሰናል፤ ከበድ ይላል።

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ከማንም ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተነጋግሬ አላውቅም ነበር።