ከዓባይ በረሃ የወጣው እንቁላል

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት የጦር ሰፈሩ ሐኪም አስጠራኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ዶሮ በማርባት የታወቅሁ ነበርኩ። ወደ ሰፈሩ የሚጠራ ሰው በደህና አይመለስም ስለሚባል ጎረቤቶቼን ተሰናብቼ ሄድኩ።

ሐኪሙ ጣሊያን ነው፤ አስተርጓሚው ግን ከመረብ ማዶ የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ትሑት ሰው ነበር።

«እህቴ፣ እንቁላል የምትታቀፍ ዶሮ አለሽ?»

«ዛሬውኑ ላስታቅፋት የምችል አለችኝ።»

«እንግዲያውስ በየሦስት ቀኑ ከሥሯ አንድ አንድ እንቁላል እያነሣሽ አምጪልን።»

ጠረጴዛው ላይ ቅል የሚያህል ሞላላ ድንጋይ ነበር። የመንገድ ሠራተኞች ከዓባይ በረሃ ቆፍረው ያወጡት ነው። ሐኪሙ፣ ከሰው በፊት የነበረ፣ እንሽላሊት የሚመስል ግዙፍ አውሬ የጣለው እንቁላል ነው አለ። ሐኪሙ ራሱ ሐኪም ሳያስፈልገው አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ካመጣሁት የመጀመሪያውን የዶሮ እንቁላል ሰበረው። አስኳሉ ላይ ቀይ ነጥብ ትር ትር ትላለች። አማተብኩ። በዘጠነኛው ዓይኑ ጎላ፤ በዐሥራ አምስተኛው እግርና ክንፍ ለየ። ሐኪሙ እያንዳንዱን ይሥል ነበር። አጥንት መጀመሪያ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ነው፣ ቀስ እያለ ይጠነክራል አለ። ድንጋዩ ውስጥ አጥንት ቢገኝ፣ ጽንሱ ምን ያህል እንዳደገ ከጫጩቱ ጋር እያስተያየ ሊገምት ነው።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ይዤ የሄድኩትን ግን አልሰጥም አልኩ። «ጌታዬ፣ ይኸኛውስ ሊጮህ ምንም አልቀረው» አልኩት አስተርጓሚውን። ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ እንቁላሉን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠና መልሶ ሰጠኝ።

በማግስቱ ግንበኛ አስመጥቶ ድንጋዩን በመሮ አስከፈተው። መሐሉ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ብቻ ነው። ከጥግ ግን እንደ ገለባ የቀጠኑ አጥንቶች ተጋድመዋል። ሐኪሙ በማጉያ መነጽር አያቸው፣ ሥዕሎቹን አገላበጠ፣ ጥቂት ተናገረ።

«የአጥንቱ ጫፎች ገና አልጠነከሩም፤ ሳይፈለፈል ነው የሞተው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«እናቱስ?»

ጥያቄዬን አልተረጎመውም። «እሱን እኔም አላውቅም፣ እህቴ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የዚያው ሰፈር ወታደሮች የጎረቤት መንደር አቃጠሉ፤ ሐኪሙም ብዙ ሳይቆይ ድንጋዩን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። እንቁላሉን የመለሰልኝ ሐኪምና መንደር ያቃጠሉት ወታደሮች የአንድ ሰፈር ሰዎች መሆናቸውን እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ጠላት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር አውሬዎቹ ዳይኖሰር እንደሚባሉ ነገረኝ። ያየሁትን አጫወትኩት።

«ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ እንቁላል ተገኘ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ እማማ። ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም» አልኩት።