ባሌ በጀርመንኛ ውሃ የጠየቀኝ ቀን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀበቶውን ነው። ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ክፍሌ ጓሳ ሜዳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያሳያቸው የውጭ እንግዶች ይጠብቁታል። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎት ቀበቶውን ማሰር አቃተው። «ምን ሆንክ አንተ?» አልኩት። ቀና አለ። አፉ ወደ ግራ ተጣሟል። ሊመልስልኝ ሞከረ። ድምፅ እንጂ ቃል አልወጣም።

እኔም የመንዝ ሰው ነኝና ወዲያው ፈረድኩ፤ ምች ነው! ትናንት አልቦት ነፋስ ላይ ቆሞ ነበር። ዳማከሴ ጨምቄ ፊቱን አሸሁት። ጋቢ ደራርቤ ላቡ ይውጣለት ብዬ ቁጭ አልኩ። ቀትር ሆነ። ቀኝ እግሩም ከዳው። ያኔ ጮህኩ፤ ጎረቤት ተሸክሞ መኪና መንገድ አወጣልኝ። ያ ግማሽ ቀን እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስንደርስ በሲቲ ስካን አዩት። ሐኪሙ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «እናቴ፣ ምች አይደለም፤ ስትሮክ ነው። የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቷል» አለኝ። የንግግሩን መጥፋት ደግሞ አፌዥያ ይባላል አለኝ። «ይሰማዎታል፣ ያውቅዎታል። ቃሉ ነው እምቢ ያለው። ይመለሳል ብዬ ግን ልዋሽዎ አልችልም።»

ክፍሌን! ወሬ ቀለቡ የሆነውን ሰውዬ! እስከ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ከአማርኛ በቀር የማያውቅ ገበሬ ነበር። በኋላ የፈረንጅ ዕቃ በበቅሎ መጫን ጀመረና እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛ ከአፋቸው ለቀመ። የሰማውን በኛው ፊደል ደብተር ላይ ይጽፋል፤ በግ ሲያስገባ እንኳ ይደጋግመዋል። እኔ ለባና የሚሆን ሱፍ እየፈተልኩ አሾፍበታለሁ። «ሽማግሌ ተማሪ! ከጭላዳ ጋር ልታወራ ነው?» እሱ ይስቃል። «አስኩ፣ አንድ ቀን አንቺም ትማሪያለሽ» ይለኛል።

ቤት ገባን። ሳምንታት ዝም አለ። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዳግም አስኩ ሳይለኝ መቅረቱ።

አንድ ቀን እንስራውን በግራ እጁ ጠቆመና «ቫሰር» አለ። ለጥየቃ የመጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች አማተቡ። «በስመ አብ! የምን መንፈስ ነው የሚያስለፈልፈው? ጠበል ይወሰድ!» እኔ እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። «ምን መንፈስ አለ፣ እትዬ! የጀርመኖቹ ውሃ ነው! ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።» ቀድቼ አጠጣሁት።

ለቀጠሮ ስንመለስ ለሐኪሙ ነገርኩት። «ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ሁሉም እኩል አይመለስም። በመጣለት ይናገር፤ እርስዎም ይከተሉት» አለኝ።

ይከተሉት! በሃምሳ አራት ዓመቴ! ደግነቱ መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮኛልና ያንን ያሾፍኩበትን ደብተር አውርጄ፣ በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አንድ ቃል በሦስት ቋንቋ እያነበብኩለት እሱም ዕቃውን እየጠቆመ፣ ስሳሳት በግማሽ አፉ እየሳቀብኝ፣ በግ፣ ዳቦ፣ ዝናብ፣ ብርድ እያልን ሁለታችንም እንደ አዲስ ተማሪ ቀጠልን። የእንግሊዝኛው አንዳንድ ቃል መጣ፤ ጣልያንኛውም ተከተለ። አማርኛው ግን የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ደብተሩ መጨረሻ ደረስን። አንድ ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ቋንቋ ተጽፏል፤ ከሥሩ በአማርኛ ፍቺው አለ። «ይህን ባና የፈተለችው ባለቤቴ አስካለ ናት። ይልበሱት፣ ብርድ አያስገባም።» ጓሳ ላይ የሚበርዳቸውን እንግዶች በኔ ባና ሲሸፍን ኖሮ፣ ስሜን ለዓለም ሕዝብ ሲናገር ኖሯል። እኔ «ከጭላዳ ጋር ልታወራ ነው?» እለዋለሁ! አለቀስኩ። እሱ ግራ እጁን ስሜ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩ ብዙ ታገለ።

«አስ… አስኩ።»

ደብተሩ ላይ የተጻፈው አስካለ ነው። አስኩ የሚል የትም የለም።

ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፤ አማርኛውም እየተንቀረፈፈ ይመጣል። ያን እውነቱን የነገረኝን ሐኪም፣ እጁን ያፍታታችለትን ፊዚዮቴራፒስት፣ ጠበሉን ቤት ድረስ ያመጡልንን እትዬ ዘነበችን እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ዛሬ ውሃ ሲጠማቸው ቫሰር ነው የሚሉት።

እናንተ እንደኔ የምታስታምሙ፣ አደራ! አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ዳማከሴ ቀጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። በሽተኛችሁ ቃል ሲፈልግ ቀድማችሁ አትንጠቁት፤ ጠብቁት። በየትኛውም ቋንቋ ይምጣ፣ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉት።

በቀደም ደብተሩ ላይ ባዶ ገጽ አገኘሁና «ፈረንሳይኛ ብንጀምርስ?» አልኩት። ክፍሌ ትክ ብሎ አየኝ። ቃሉን ፈለገ። እኔም ጠበቅኩ።

«አሮጊት… ተማሪ!» አለኝ።